ዓይን የሚመልሰው ጋቢ

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። አንድ ሰው ውሸት ሲናገር አምነውት፣ ኋላ ተጸጽቶ እውነቱን ሲናገር አናምንህም ቢሉት ጥፋቱ የማን ነው? እኔ ይህን ጥያቄ እንደያዝኩ አርጅቻለሁ። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው «ያንተ ነው» አሉኝ። ባለቤቴን ወርቅነሽን ብጠይቃት እሷም «ያንተ ነው» አለች፤ ያውም ሳታስብበት። እንግዲህ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ።

ነገሩ የሆነው በጠላት ዘመን ነው። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ ሸማኔ ነበርኩ። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ አንዲት የጭቃ ቤት አለችን፤ ግማሿ መኖሪያችን፣ ግማሿ የሥራ ቦታዬ ናት። እኔ እግሬን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቼ ስሸምን እውላለሁ፣ ወርቅነሽ ከደጃፉ ተቀምጣ ትፈትላለች። ሸማኔ ድሮም «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ የሚናቅ ሰው ነው። ጣልያን ከገባ ወዲህ ደግሞ ሰውየው ብቻ ሳይሆን ሥራውም ተናቀ። በየሱቁ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ተቆለለ። ሰዉ ይመጣል፣ ጋቢዬን ይዳስሳል፣ «እጅህ ይባረክ!» ይለኛል፣ ከዚያ ሄዶ የፈረንጁን ብርድ ልብስ ይገዛል። ምርቃት አይበላ ነገር!

በወር በወር በዐሥራ አምስት፣ በቂርቆስ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጋቢዎቼን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። አንድ ቂርቆስ ላይ አያ ደምሴ የሚባሉ፣ ከዚህ ቀደም ከእኔ የገዙ ጨዋታ ወዳድ ሽማግሌ መጡ። በዚያ ሳምንት አቃቂ ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ፣ የይለፍ ወረቀታቸው ቀኑ እንዳለፈ ያወቁት ኬላው አፍ ላይ ከደረሱ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ከከተማ መውጣትም መግባትም ክልክል ነበር። ታዲያ ዘበኛው ዓይኑ ውስጥ አቧራ ገብቶበት እያሸ፣ ወረቀታቸውን ሳያይ በእጁ «ሂድ፣ ሂድ» አላቸው። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። አያ ደምሴም የጋቢያቸውን ጫፍ ሳም አድርገው «ይቺ ጋቢህ ገድ አላት!» ብለው ሳቁ።

አጠገባቸው የነበረች አንዲት ሴት ይህን ሰምታ ዐሥር ጊዜ ስታገላብጠው የነበረውን ጋቢ ወዲያው ገዛች። እኔም ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ለካ ሰው የሚገዛው ጋቢውን አይደለም፤ ከጋቢው ጋር ያለውን ወሬ ነው።

በሚቀጥለው ቂርቆስ ወሬዬን አሳምሬ መጣሁ።

«እሜቴ፣ ይቺን እንደ ማንኛውም ጋቢ አይዩአት» እላለሁ። «አንድ ሽማግሌ ይቺን መሳይ ለብሰው በኬላ ሲያልፉ ዘበኛው ዓይኑን መለሰ። ለምን መለሰ? እኔ ሸማኔ ነኝ፣ እኔ ምን አውቃለሁ! እሳቸውን ይጠይቁ።»

ይቺ «እኔ ምን አውቃለሁ» የምትለዋ ነበረች ከሁሉም በላይ የምትሸጠው። አቧራዋን ትቻታለሁ። አቧራ ያለበት ታሪክ ማን ይገዛል?

ሰማያዊዋም ክር ያን ሰሞን ነው የመጣችው። አጥሩ ሥር ከሌላ ሸማኔ ጋር ጎን ለጎን ስለምንቀመጥ ዕቃችን እንዳይደባለቅ ብዬ፣ ወርቅነሽ ከአረብ ሱቅ ያመጣቻትን ሰማያዊ ክር በጋቢዎቼ አንድ ጥግ ላይ ጣት በምታህል አስገባሁ። ምልክት ናት እንጂ ሌላ ነገር የለባትም። ሰዎች ግን ዓይን የምትመልሰው እሷ ናት አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ክሯ ጠበል ውስጥ ያደረች ናት» አሉ። ይህን እኔ አላልኩም! ቂርቆስ ምስክሬ ነው። ሲሉ ሰምቼ ግን ዝም አልኩ፤ ኃጢአቴ እሱ ነው።

ወርቅነሽ እንዝርቷን እያሾረች አንድ ቀን «በላይነህ፣ ይሄ ወሬ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ወደ ገበያ ነዋ! ወዴት ይሄዳል?»

«ወሬ ጆሮ የት አለ ብሎ ነው የሚሄደው እንጂ ገበያ የት ነው ብሎ አይደለም።»

ንቄ ተውኳት። በሚቀጥለው ወር ግን ቆዳ ጫማ ያደረገ የማላውቀው ሰው መጥቶ፣ ጋቢ ሳይዳስስ «ይህን ባለ ሰማያዊ ክር የሚገዙህ እነማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የበረደው ሁሉ ይገዛል፣ ጌታዬ» አልኩት። ሳቅ ብሎ ሄደ። እኔ ግን የጣልያን ጆሮ እንደሆነ ገባኝ፤ ክሯንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስገባት ተውኩ። እውነቱን ለሰው ሁሉ ለመናገርም ቆረጥኩ።

እዚህ ላይ ነው ንዴቴ የሚጀምረው። በዚያ ዘመን ሰው በግልጽ አይናገርም። «ይሄ ዝናብ መቼ ነው የሚያባራው?» ካሉህ ስለ ጣልያን ነው። «ባለቤቱ ደብዳቤ ልኳል አሉ» ካሉህ ስለ ንጉሡ ነው። ሰዉ ሁሉ ነገርን በጎን መስማት ለምዶ፣ ፊት ለፊት የተባለውን የሚሰማበት ጆሮ አጥቶ ነበር። እኔ «ጋቢ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም» ስል እነሱ «ጆሮ አለ፣ ዝም በሉ» ያልኩ ይመስላቸዋል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። የእኔ ግን እያደር ደፈረሰ።

ጓደኛዬ ተሰማ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ተሰማ ግንበኛ ነው፤ አሁን ካዛንቺስ በሚባለው፣ ያን ጊዜ የጣልያን ሹማምንት መኖሪያ በሚሠራበት ሜዳ ላይ ድንጋይ ይጠርባል። ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። የሦስት ልጆች አባት፣ ዝምተኛ፣ የሰው እህል እንኳ ሳይጠሩት የማይቀምስ ሰው ነው። ከሠራኋቸው ባለ ክር ጋቢዎች አንድ ቀርታ ነበርና እሷን አነሣ።

«ተሰማ፣ ስማኝ» አልኩት። «ጋቢ ነው። ከጥጥ ነው የተሠራው። ይሞቃል እንጂ ዓይን አይመልስም።»

ግራ ቀኙን አየና ዓይኑን ጠቀሰኝ።

«ገብቶኛል» አለ።

«ምኑ ነው የገባህ?»

«ያልከኝ ነዋ!»

«ያልኩህማ ጋቢ ነው ነው!»

«እሱን ነው የምልህ» አለና ዋጋዋን ከፍሎ፣ እንደገና ጠቅሶኝ ሄደ። ድንጋይ አንሥቼ ብወረውርበት ደስታዬ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሥራ ላይ እንዳለሁ የተሰማ ሚስት አስካለ ነጠላዋን እየጎተተች ገባች።

«በላይነህ፣ ባሌን ምን ብለህ ነው የነገርከው?»

«ደግሞ ምን አደረግኩ?»

«ጋቢህን ለብሶ ሄደ!»

«ጋቢ ለብሶ መሄድ ነውር ነው እንዴ?»

አስካለ ወደ ደጅ ተመልክታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የተሰማ ታላቅ ወንድም ከአርበኞች ጋር ነው፤ ከአቃቂ ወዲያ ቆስሎ ተኝቷል የሚል መልእክት ደርሷቸዋል። ተሰማ ይለፍ ቢጠይቅ ከለከሉት። ሐኪም ቤት የሚሠራ ዘመድ አንዲት ጠርሙስ የቁስል መድኃኒት ሰጠው። እሷን ጉያው ውስጥ ሸጉጦ፣ ያለ ወረቀት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው ኬላ አልፋለሁ ብሎ ወጥቷል።

«‹በገደሉ ዙር› ብለው» አለች አስካለ፤ «‹ለምን ብዬ? ጋቢው አለ› አለኝ። ‹በላይነህ ራሱ ጆሮ ፈርቶ ሲክድ አይቼዋለሁ፤ ሰው የሌለ ነገር አይክድም› አለኝ።»

መወርወሪያው ከእጄ ወደቀ። እውነቱን በመናገሬ ነው ሰውየውን ያሳመንኩት!

ወርቅነሽ ጋቢዬን ከማንጠልጠያው አውርዳ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና «ድረስበት» አለች። እኔ የምለብሰው ሰማያዊ ክር የለውም፤ ለራሴ ማን ወሬ ያወራልኛል?

ኬላው ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እግሩን ያፈጠነ ሰው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ይደርሳል። እኔ ደግሞ ሸማኔ ነኝ፤ እግሬ ጉድጓድ ውስጥ መቀመጥ እንጂ መሮጥ አያውቅም። እሮጣለሁ፣ ጎኔን ይወጋኛል፣ እራመዳለሁ፣ ተሰማን እሰድባለሁ፣ ራሴን እሰድባለሁ፣ እንደገና እሮጣለሁ። ደርሼ ምን እንደምለው አስባለሁ። «ውሸት ነው» ብለው ይጠቅሰኛል። «እውነት ነው» ብለው ደግሞ ያልፋል። በምን ቋንቋ ይነገረው?

መንገዱን አጋምሼ ሳለ ከኬላው በኩል ባዶ አህዮች የሚነዳ ሰው አገኘሁ።

«ወንድሜ፣ ኬላው እንዴት ነው ዛሬ?» አልኩት።

«ዛሬስ ባትሄድ ይሻልሃል። ጋቢ እየገለበጡ ነው።»

«ጋቢ?»

«ሽፍቶች የሚታወቁበት ጋቢ አለ አሉ፤ ጥጉ ላይ ሰማያዊ ክር ያለው። የእያንዳንዱን ሰው ጫፍ ገልጠው ያያሉ። ሁለት ሰዎች ካሚዮን ላይ ሲጭኑ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔው ወሬ ከቂርቆስ አጥር ተነሥቶ፣ ኬላ ደርሶ፣ ጠመንጃ ይዞ ቆሟል! አሁን ጋቢው ዓይን የሚመልስ ሳይሆን ዓይን የሚጠራ ሆኗል። ተሰማ ይህን አያውቅም። ጥጉን ቢገልጡበት ይፈትሹታል፤ ቢፈትሹት ጠርሙሷን ያገኛሉ። ከዚያ ወዲያ አስካለ ባል የላትም።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ኬላው ላይ ሠላሳ የሚሆን ሰው ተሰልፏል። አንድ ሶላቶ፣ የጣልያን ወታደር፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲጋራውን ያጨሳል። አንድ ረዥም አስካሪ፣ ለጣልያን ያደረ የእኛው አገር ወታደር ነው፣ ከሰልፉ ፊት ቆሞ ጋቢና ነጠላ እየገለጠ ያያል። ተሰማ ከፊት አራተኛ ነው። ደረቱን ነፍቶ፣ ፊቱን አብርቶ ቆሟል። እንዲያ ኮርቶ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሦስት ሰው ቀረው። ጎትቼ ባወጣው «ለምን ሸሸ?» ይላሉ። በጆሮው ባንሾካሹክለት ይጠቅሰኛል። ሁለት ሰው ቀረው። በዚህ ጊዜ አፌ ያለ እኔ ፈቃድ ተከፈተ።

«በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮኽኩ። «አንተ ሌባ፣ በሕግ አምላክ ቁም!»

የዛሬ ሰው ይህ ቃል ያን ጊዜ ምን እንደነበረ ላያውቅ ይችላል። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው፣ የሚሮጥ ከሆነ ይቆማል፤ ዱላ ያነሣ ከሆነ ያወርዳል። አገሩ በጠላት እጅ ቢሆንም፣ ዳኛ ጠፍቶ ፍርድ የጣልያን ቢሆንም፣ በሕግ አምላክ ሲባል የሚራመድ የእናት ልጅ አልነበረም። ተሰማ እንደ ተተከለ እንጨት ቀጥ አለ። ዞሮም አየኝ።

«እኔ?» አለ። «ሌባ?»

ያን ፊቱን እስክሞት አልረሳውም። ዘልዬ የጋቢውን ባለ ክር ጥግ ያዝኩና ከእኔ ጋቢ ጥግ ጋር አንድ አድርጌ ቋጠርኩት። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ ጥርሴን ጨምሬ አጠበቅኩት። ቁራኛ ይባላል። ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ፤ ቋጠሮውን የሚያስፈታው ዳኛ ብቻ ነው። ሰማያዊዋ ክርም እቋጠሮው ሆድ ውስጥ ገባች።

ተሰማ ነፍሱ መለስ አለችለትና «ይህን ጋቢ እኮ አንተው ራስህ…» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በል! ዳኛ ፊት ትናገራለህ!» ብዬ በጥፊ መታሁት። እኔ ሰው መትቼ አላውቅም። ያውም ጓደኛዬን፣ ያውም ምንም ያላጠፋን ሰው።

አስካሪው መጣ። «ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

«ጋቢዬን ሰርቆኝ ነው ጌታዬ! እዚህ ድረስ ተከትዬ ያዝኩት! ወደ ከተማ ዳኛ ዘንድ ልወስደው ነው!»

ሰልፉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «እሰይ! ሌባ!» አለ። አስካሪው ግን አልሳቀም። የተሰማን ጋቢ አንደኛውን ጫፍ አነሣና ገለጠ፤ ነጭ ነው። ሁለተኛውን ገለጠ፤ ነጭ ነው። ሦስተኛውን ገለጠ፤ ነጭ ነው። እጁ ቋጠሮው ላይ መጣ። የተሰማ ልብ ሲመታ በተቋጠረው ልብስ በኩል ይሰማኛል፤ ምናልባትም የራሴው ይሆናል።

«ፍታው» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ቁራኛ እኮ ነው!» አልኩ። ድምፄ እንደ ፍየል ሆኗል። «ያለ ዳኛ አይፈታም። እርስዎ ቢያስፈቱት ነገሩ ወደ እርስዎ ይዞራል። አባትዎን ይጠይቁ፣ እንዲህ አይደለም?»

ትክ ብሎ አየኝ። የእናት የአባቱን አገር ሥርዓት ረስቶት እንደሆነ ነበር የፈራሁት። አልረሳውም። እጁን ከቋጠሮው ላይ አነሣ። ሶላቶው ከጥላው ሥር በቋንቋው አንድ ነገር ጠየቀ፤ አስካሪው መለሰለት፤ ሁለቱም ሳቁብን። «ሂዱ ከዚህ!» አለና በአለንጋው ጀርባችንን አንድ አንድ ጊዜ ላጥ አደረገን።

ወደ ከተማ ተመለስን። ከኬላው እስክንሰወር ድረስ ቋጠሮውን መፍታት አይቻልም፤ ከተሰወርን በኋላ ደግሞ በጣም ስላጠበቅኩት አልፈታ አለ። ትከሻ ለትከሻ እየተጋጨን ሄድን። ብዙ ከሄድን በኋላ ተሰማ ተናገረ።

«በሰው ፊት ሌባ አልከኝ።»

«ሊገድሉህ ነበር እኮ! ሰማያዊዋን ክር ነበር የሚፈልጉት! ሁለት ሰው ወስደዋል!»

ሁሉንም ነገርኩት። የአያ ደምሴን አቧራ፣ የአረብ ሱቁን ክር፣ ያለፈውን ሁሉ። እያለቀስኩ ነገርኩት። ተሰማ አዳምጦኝ ቆመ፤ እሱ ሲቆም እኔም ቆምኩ።

«ሦስቱን ጫፍ ገለጠ አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«አራተኛውን ተወው አይደል?»

«ስለ ቋጠርኩት ነዋ!»

«ዓይኑን መለሰ» አለ ተሰማ።

«እኔ ቋጥሬ ደብቄው ነው እንጂ!»

«እንድትቋጥር ያደረገህስ ማነው?»

ይህን ጊዜ ነው ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ የጮኽኩት። ተቋጥረን ስለነበር እሱም አብሮኝ ለመቀመጥ ተገደደ።

እንዲያ ተቋጥረን ቂርቆስ ገባን። ሰፈሩ ሁሉ አየን። አስካለ ባሏን በሕይወት ስታይ እልልታ ጀምራ ነበር፤ ቁራኛውን ስታይ አፏን ያዘች። ወርቅነሽ መቀስ አምጥታ ቋጠሮውን ከሁለቱም ጋቢ ቆርጣ ጣለችው። ጠርሙሷን ደግሞ በማግስቱ ሁለቱ ሴቶች ተመካክረው በጥጥ ቅርጫት ውስጥ ከተቱ። የወርቅነሽ ይለፍ ቀኑ አላለፈም ነበርና፣ ፈትል ልታመጣ የምትሄድ መስላ በዚያው ኬላ አልፋ አደረሰችው። ማንም ቀና ብሎ አላያትም፤ ወሬ የሌለው ቅርጫት ነበራ። የተሰማ ወንድም ዳነ።

እኔ በሚቀጥሉት ቀናት ክሯን ልነቅል በየቤቱ ዞርኩ። ከተሰማው ሌላ ባለ ክር ጋቢ የሸጥኩት ዐሥራ አንድ ነው። «እንዳትያዙበት ልንቀለው» ስል ማን ይስማኝ! አንዲት ሴትዮ «አሃ፣ ለሌላ በውድ ልትሰጠው ነው!» ብላ በሯን ዘጋችብኝ። በመጨረሻ «ኃይሉ አልቋል፣ አሁንማ የተገላቢጦሽ ሆኗል» ስል ነው እሺ ያሉኝ። ውሸቴን የሚያስወጣልኝ ሌላ ውሸት ብቻ ሆነ። ዘጠኙን እንዲያ ነቀልኩ። የቀሩትን ሁለቱን የገዙት ከገጠር የመጡ ወንድማማቾች ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም። ካሚዮኑ ላይ የተጫኑት እነሱ ይሁኑ፣ ሌሎች ይሁኑ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሌሎች ይሁኑ ብዬ መጸለይም አልችልም፤ ሌሎቹም የእናት ልጆች ናቸው።

የተሰማ ነገር ግን በዚህ አላበቃም። «ተሰማ የጋቢ ሌባ» የሚባል ስም ወጣለት። ሥራ ቦታው ድረስ ደረሰና ከሜዳው አባረሩት። እውነቱን እንዳልናገር ጣልያን አለ። እስኪወጣ ጠበቅኩ። ነፃነት ሲመለስ፣ በቂርቆስ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ «ሰዎች ሆይ፣ ተሰማ አልሰረቀም! እኔ ነኝ የዋሸሁት!» ብዬ ጮኽኩ። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው! ይቅር ብሎት የእሱን ኃጢአት ሲሸከምለት!» አሉ። አንዱማ ዓይኑን ጠቀሰኝ።

ስሙን ያነጻው ተሰማ ራሱ ነው፤ ያውም በእኔው ውሸት። ከበሩ ላይ ቆሞ «አልሰረቅኩም። ጋቢው ነው» አለ። «በኬላ ስያዝ ጋቢው ሸማኔውን ጠራው። ሸማኔው መጥቶ ሌባ አለኝ፣ ዘበኛው ዓይኑን መለሰ፣ ይኸው ቆሜያለሁ» አለ። ሰዉ አለቀሰ! እጄንም ሳሙኝ። እኔ በእውነት ያላጠብኩለትን ስም እሱ በተረት አጠበው። ከዚያ ወዲያ ውሸት ነው ብል ጓደኛዬ ተመልሶ ሌባ ሊሆን ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ። በየድግሱ፣ በየማኅበሩ ያንኑ ያወራል፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ እሰማለሁ። ሲጨርስ ሁልጊዜ ወደ እኔ ዞሮ ዓይኑን ይጠቅሰኛል። ይህቺ ጥቅሻ ስንት ጊዜ ከማዕድ አስነሥታኛለች! «አሁንም ያምናል፣ ይሄ ደነዝ!» እያልኩ እቤቴ እገባለሁ።

ተሰማ ባለፈው ዓመት ዐረፈ። በሠልስቱ ቀን አስካለ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ጥጉ የተቆረጠውን ጋቢ ከሣጥን አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

«ይህን ለበላይነህ ስጪው ብሏል» አለች።

ለሃያ ምናምን ዓመት አምቄው የነበረው ወጣ። «አስካለ፣ ማሪኝ፤ ይሄ ጋቢ ነው። ከጥጥ ነው። ይሞቃል እንጂ ዓይን አይመልስም። አንቺ እንኳ እመኚኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ተሰማም ያውቅ ነበር።»

«ምን?»

«ያን ዕለት መንገድ ላይ ስታለቅስ አመነህ። እቤት ገብቶ ‹ይሄ ሰው የእነዚያን የሁለቱን ሰዎች ነገር እያሰበ ያብዳል› አለኝ። ‹በወሬው ሰው አስያዘ ብለው ሰፈር ውስጥ አያስኖሩትም። እኔ ጋቢው አዳነኝ ካልኩ ግን ወሬው ሰው ያዳነ ወሬ ይሆንለታል› አለ። ዕድሜ ልኩን የደገመው ለራሱ ስም መሰለህ?»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?» አልኳት። «ሃያ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገረኝም?»

አስካለ የሐዘን ነጠላዋን እያስተካከለች አየችኝ።

«ይነግርህ አልነበር? ባወራ ቁጥር ይጠቅስህ አልነበር እንዴ?»

አንባቢ ሆይ፣ ለዚህ ነው ይህን የጻፍኩት። ሰው ግልጽ ቃሌን አይሰማም ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ስነጫነጭ፣ አንዲት ጥቅሻ መስማት ያቃተኝ እኔ ነበርኩ። ዛሬም እሸምናለሁ። ገዢ ሲመጣ ርዝመቱንና ውፍረቱን ነግሬ ዝም እላለሁ። ትንሽ ነው የምሸጠው። ያን ጥጉ የተቆረጠ ጋቢ ግን ብዙ ሰው ሽጥልን ብሎኝ አልሸጥኩትም። ለብሼው ነው የምተኛው፤ ይሞቃል።